ከብቱ ያደረበት ቤት

ወይራ አምባ ቀበሌ ውስጥ ደሳለው ድሃ ሰው መሆኑን የሚያውቀው አንድ ጥናት ብቻ ነበር። የቀረው አገር ሌላ ያውቃል። ከወንዙ ማዶ የምትግጥ መልከ መልካም ላም ያየ መንገደኛ «የማን ናት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «የማን ትሆናለች?» ብለው ይስቁበታል።

ደሳለው ግን ከብቶቹን በአንድ በረት አያጉርም። በአንድ በረት የታጎረ ሀብት ዓይን ይስባል፤ ዓይን ደግሞ መዋጮ ይጠራል፣ ዘመድ ይጠራል፣ የቀበሌ ሊቀመንበር ይጠራል። ስለዚህ በአሥራ አራት ድሃ ደጅ በርቢ በትኗቸዋል። ርቢ የቆየ ውል ነው። ባለቤቱ ከብቱን ይሰጣል፤ የተቀበለው ያበላል፣ ያጠጣል፣ ይጠብቃል። ወተቱ ለጠባቂው ይሆናል፣ የሚወለደውን እኩል ይካፈላሉ። ደሳለው ዘንድ «እኩል» ማለት ጊደር ስትወለድ ለእሱ፣ ወይፈን ሲወለድ ደግሞ «የሚቀጥለውን እናያለን» ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ደግ ሰው ይባላል። ለድሃ ወተት የሚያጠጣ ሰው ነዋ!

ስመኝ ይህን ሁሉ ታውቃለች። የመካነ ሰላም ልጅ ናት፤ እናቷ የምትነግደው ቅቤ የሚወጣው ከእነዚሁ ከርቢ ላሞች ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስታትስቲክስ ተምራለች። ተመርቃ ስትመለስ ግን የሚቀጥራት ጠፍቶ አንድ ዓመት ከመንፈቅ እናቷ ቤት ቅቤ ስትመዝን ከረመች። በሚሊኒየሙ ዓመት ጥቅምት ላይ ለአንድ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሲፈለግ የአራት ወር ኮንትራት ፈረመች። የጥናቱ ስም አንድ ትንፋሽ አይበቃውም። ሥራው ሲጠቀለል ግን ሁለት ነው፦ በቀበሌው ውስጥ ሀብታሙ ድሃውን በምን ያህል እንደሚበልጠው ለክቶ በቁጥር ማስቀመጥ፤ በዚያው መረጃ ደግሞ ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ቤተሰብ መካከል የመጨረሻዎቹን አርባ ድሆች ለይቶ የእርዳታ ስንዴ እንዲያገኙ ማድረግ።

የጥናቱ አስተባባሪ በፍቃዱ ከደሴ የመጣ ነው። በሚሊኒየሙ ቲሸርት ላይ ኪሱ የበዛ ሰደርያ ይደርባል። ኪሶቹ አሥራ አንድ መሆናቸውን ስመኝ በሥልጠናው ቀን ቆጥራለች፤ ከሥልጠናው ያገኘችው አስተማማኝ መረጃም እሱ ነበር። በፍቃዱ ጫማው እንዳይቆሽሽ ሲል ከመኪና መንገዱ ወርዶ አያውቅም። ስለ ገጠሩ ግን ቀኑን ሙሉ ማውራት ይችላል።

«መመሪያው ግልጽ ነው» አለ በዚያ ቀን። «አንድ ከብት ሁለት ቤት እንዳይቆጠር፣ የሚመዘገበው ትናንት ማታ ባደረበት ቤት ነው። አለቀ።»

ስመኝ ሰው ፊት መናገር አትወድም። እጇን እስከ ትከሻዋ ብቻ አነሳች።

«የርቢ ከብትስ?»

«ምንድን ነው እሱ?»

ነገረችው። ስትናገር ድምፅዋ እየሳሳ ሄዶ የመጨረሻውን ቃል ለራሷ ያለችው ያህል ሆነ።

በፍቃዱ መመሪያውን አገላበጠ። «መመሪያው ላይ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያ የለም» አለና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ።

ደሳለው ቤት የሄደችው በሦስተኛው ቀን ነው። ግቢው በካብ የታጠረ ነው፤ ሦስት የቆርቆሮ ቤት አለው፤ ሦስተኛው ቀለም ተቀብቷል። የቀለሙን ገንዘብ የላከችው ልጁ ሐረግ ናት። ጂዳ ከሄደች አምስት ዓመቷ ነው፤ ለጉዞው ስሟን ሐያት አስብላ፣ በየሦስት ወሩ ገንዘብ ትልካለች። ቅጹ ዶሮ ስንት እንዳለ ይጠይቃል። የንብ ቀፎ ይጠይቃል። ጂዳ የሚል ጥያቄ የለውም።

«አያ ደሳለው፣ ትናንት ማታ እዚህ ያደሩ ከብቶች ስንት ናቸው?»

«ዓይን አለሽ አይደል? ተመልከቺ።» ደሳለው ነጠላውን እያስተካከለ በረቱን በአገጩ አመለከተ። «ጥማድ በሬ አለኝ። አንዲት ላም አለችኝ። ተመስገን ነው።»

«ሌላ የለም?»

«ሌላማ ድመት አለችኝ። ድመት ይጻፋል?»

«አይጻፍም።»

«ውጭ ሌላ ቤት ስለምታድር ይሆናላ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ረጅም ነበር፤ መመሪያውን ከእሷ ቀድሞ ሳይሰማው አልቀረም።

«ቤተሰብ ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ።»

ስመኝ ቤቱ ውስጥ ያየችው አምስት ሰው ነው። ደሳለው ጂዳ ያለችውን፣ ወግዲ የተዳሩትን ሁለቱን፣ አቀስታ የሚማሩትን፣ ሁሉንም ቆጠረላት። ከብቶቹን በየሰው ቤት አሳድሮ ልጆቹን ግን እቤቱ አሰባሰበ። በመጨረሻ በአውራ ጣት አልፈርምም አለ። ፊደል የቆጠረ ሰው ነኝ ብሎ፣ ጅራቷ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የምትዘልቅ ፊርማ አኖረ።

ከእሱ ግቢ ቁልቁል የሚታየው የሣር ክዳን ቤት የፈይዛ ነው። ፈይዛ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ብቻዋን ትኖራለች። ያለቻት አንዲት ልጅ ከላላ ወረዳ ተድራለች። ሦስት ጥማድ መሬት በስሟ ደብተር ወጥቶላታል፤ ግን በሬም ሆነ የሚያርስ ወንድ ስለሌላት መሬቱን የሚያርሰው ደሳለው ነው። ከሦስት ቁና ሁለቱን ይወስዳል። ላለፉት ሁለት ዓመታት ከሰኔ እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ ያሳለፈችው በእርዳታው ስንዴ ነበር። ያ ከቀረባት የሚጠብቃት ከላላ ሄዶ በልጇ አማት ቤት ጥግ መቀመጥ ነው። አማትየዋ ደግሞ፣ ፈይዛ እንደምትለው፣ ውኃ ስታቀርብልሽ እንኳ ስንት ጉንጭ እንደጠጣሽ የምትቆጥር ሴት ናት።

«ግቢ እቱ፣ ግቢ። አፉ በይ፣ የቤቱን ነገር ይቅር በይኝ» አለች ፈይዛ። «ስንዴውን ልትጽፊ ነው?»

«መጀመሪያ ከብት ነው የምጽፈው፣ እትዬ። ይቺ ላም የማን ናት?»

«የደሳለው።»

«ጊደሯስ?»

«የደሳለው። ወይፈኑም የደሳለው። አምስቱ በጎችም። እኔም ወላሂ የደሳለው ሳልሆን አልቀርም፤ ጻፊኝ ከነሱ ጋር።»

«ትናንት ማታ የት ነው ያደሩት?»

«የት ያድሩ? አብረን ነዋ። እኔ ከመደቡ ላይ፣ እነሱ ከመደቡ ሥር።»

ስመኝ ጻፈች፦ ላም አንድ፣ ጊደር አንድ፣ ወይፈን አንድ፣ በግ አምስት፣ መሬት ሦስት ጥማድ፣ ቤተሰብ አንድ። በገጹ ጠርዝ ላይ በትንንሽ ፊደል «የርቢ ናቸው፤ ባለቤቱ ደሳለው» ብላ ጨመረች። ይህን በመጻፏ ሕሊናዋ ጥቂት ቀለል አለው። በኋላ ስታስበው ራሷን የናቀችው በጻፈችው ስህተት አልነበረም፤ በዚያች የጠርዝ ጽሑፍ በመጽናናቷ ነበር።

ኮምፒዩተሩ ጠርዝ አያነብም። መካነ ሰላም ላይ በተከራዩት ክፍል ውስጥ፣ ጄኔሬተሩ ደጅ ላይ እያጓራ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ቅጽ ገብቶ አለቀ። በፍቃዱ የቀበሌውን ሊቀመንበር ሙሐመድኑርን ለክብሩ አስጠርቶ ውጤቱን አበሰረው።

«ዜሮ ነጥብ አሥራ ስድስት!»

«ምኑ?» አለ ሙሐመድኑር።

«የእኩልነታችሁ ልክ። ዜሮ ማለት ሰው ሁሉ እኩል ነው። አንድ ማለት አንድ ሰው ሁሉን ጠቅልሎ ይዟል። ጂኒ ይባላል መለኪያው።»

«አዑዙ ቢላህ! በጂኒ ነው እንዴ የለካችሁን?»

በፍቃዱ አልሳቀም። «ስዊድን እንኳ እዚህ አልደረሰችም፣ ገባህ? ስዊድን! የአርሶ አደሩን ፍትሐዊ ተጠቃሚነት በቁጥር አሳየን ማለት ነው። ይህ ደሴ አይቀርም፤ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል።»

ሙሐመድኑር ስዊድን የት እንዳለች ባያውቅም መብለጡ ደስ አለው። ቀበሌያችን አንደኛ ከሆነ ሞዴል ይባላል፤ ሞዴል ከተባለ ሊቀመንበሩ ተሸላሚ ነው። ኮቱን ቆለፈ።

ስመኝ ከጥግ ሆና «ከብቶቹ እኮ የአንድ ሰው ናቸው» አለች።

«የቶቹ?»

«በአሥራ አራት ቤት የተጻፉት። አርባ የሚሆኑት።»

«ላሟ ማታ የት ነው የምታድረው?»

«ፈይዛ ቤት።»

«ወተቷን ማን ይጠጣል?»

«ፈይዛ።»

«እበቷን ማን ይጠርጋል?»

«ፈይዛ።»

«ታዲያ ደሳለው የላሟ ምኗ ነው?» አለና በፍቃዱ ራሱ ሳቀ። ሙሐመድኑርም ሳቀ። ደሳለው የላሟ ምኗ እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሙሐመድኑር ነበር፤ ለበዓል የሚታረድ ሙክት ከየት እንደሚመጣለት ያውቃላ።

ዝርዝሩ የተነበበው እሁድ ረፋድ ላይ፣ በቀበሌው የእህል መጋዘን ፊት ነው። ሙሐመድኑር አርባዎቹን ድሆች ስም በስም ጠራ። ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሊያልፍ ሞከረ፤ የፊተኞቹ ግን ሰሙ።

«ማን አልክ?»

«ደሳለው።»

ከሴቶቹ በኩል አንዲቱ ፈነዳች፤ ሳቁ እስከ መጋዘኑ ጓሮ ዞረ።

«አይዞን አያ ደሳለው፣ ያልፋል!» አለ አንድ ሰው።

«ቤተሰቡ እኮ አሥራ አንድ ነው፣ በምን ያሳድጋቸው!»

ደሳለው አልተቆጣም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። መንግሥት ድሃ ነህ ካለኝ ምን አደርጋለሁ የሚል ይመስላል። የመጀመሪያውን ስንዴ በአህያ ጭኖ ወስዶ ለሚያደልበው ሰንጋ እንዳበላው አገር አየ።

ፈይዛ በአርባዎቹ ውስጥ አልነበረችም። በመጨረሻ «ከፍተኛ ሀብት ያላቸው» ተብለው ከተነበቡት መካከል ዘጠነኛ ሆነች። ብቻዋን ስለምትኖር የሚካፈላት ሰው የለም፤ ሦስት ከብት፣ አምስት በግና ሦስት ጥማድ መሬት ሁሉ በእሷ ራስ ላይ ወደቀ።

«እንኳን ደስ ያለሽ እመቤት ፈይዛ» አለቻት ጎረቤቷ አልታየች። እሷም የደሳለውን ላም ይዛ ከሀብታሞቹ ተራ የገባች ናት። «በቅሎ መግዛት ብቻ ነው የቀረን።»

ፈይዛ በሕዝቡ መካከል ቀጥ ብላ አልፋ በፍቃዱ ፊት ቆመች። በዚያ ቀን በፍቃዱ እስከ መጋዘኑ ድረስ በመኪና መጥቶ ነበር።

«ጌታው፣ ከስንዴው ለምን አወጣችሁኝ?»

በፍቃዱ ወረቀቱን አየ። «እትዬ፣ ሦስት ከብት አለዎት። በግ አለዎት።»

«የኔ አይደሉም አልኩ እኮ። ለዚቺ ልጅ ተናግሬያለሁ።»

«መረጃው የርስዎ ናቸው ይላል። በመሠረቱ ይሄ የጠባቂነት አስተሳሰብ ነው። ይሄን ያህል ሀብት ታቅፎ ስንዴ መለመን ነውር ነው። አንዷን ሽጠው አይበሉም?»

«ልሽጥ?»

«ይሽጡ እንጂ! ማን ከለከለዎት?»

ፈይዛ ፊቱን ለጥቂት ጊዜ አየችው። በገበያ ቀን የታመመ በግ የሚያዩበት ዓይነት አስተያየት ነበር። ከዚያ ወደ ስመኝ ዞረች።

«እቱ፣ የጻፍሽብኝን ወረቀት እጄ ላይ ስጪኝ።»

ይህ የተፈቀደ ነው። ቅሬታ ያለው ሰው የተመዘገበበትን ገጽ ግልባጭ እንዲያገኝ መመሪያው ያዝዛል። እስከዚያ ቀን የጠየቀ አልነበረም እንጂ። ስመኝ በዚያው ሳምንት ግልባጩን ኮምፒዩተሩ እንደያዘው አውጥታ ለማኅተም ሙሐመድኑር ጋ ወሰደችው። ከፈይዛ ገጽ ሥር የደሳለውንም ገጽ ፎቶ ኮፒ፣ ከነፊርማው፣ አደረገች። ለምን እንዳደረገች ብትጠየቅ ወረቀቶቹ ተያይዘው ነው የወጡት ትል ነበር። ሙሐመድኑር ማኅተም የሚመታው ሳያነብ ነው። ሁለቱንም መታ።

በገበያ ቀን ፈይዛ ጊደሯን ጎትታ መካነ ሰላም ወጣች።

ወሬው ከእሷ በፊት ደረሰ። ከወግዲ የመጣ ነጋዴ የጊደሯን ጥርስ አይቶ ዋጋ ሲጠራ፣ ደሳለው በቅሎውን እየጋለበ ከበርበሬ ተራው በኩል ብቅ አለ። ወርዶ ገመዱን ያዘ። ፈይዛ አልለቀቀችም። ጊደሯ በሁለቱ መካከል አንገቷን ዘርግታ ቆመች።

«አብደሻል ሴትዮ? የኔን ጊደር?»

«የቱ ጊደር? አንተ ከብት አለህ እንዴ? እኔ የሰማሁት ድመት ብቻ እንዳለህ ነው።»

ገበያው ዞሮ ተሰበሰበ።

«ፈይዛ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ። ርቢ የሰጠሁሽን!»

«ያ ጌታ ሽጠሽ ብይ አለኝ። የተማረ ሰው ነው፤ አሥራ አንድ ኪስ አለው። አንተን ልስማ እሱን?»

ነጋዴው ነገር ያለበት ከብት አልገዛም ብሎ ሄደ። ደሳለው በማግስቱ ቀበሌ ሽማግሌዎች ዘንድ ከሰሳት። ሌባ አላት።

ጉዳዩ የታየው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው። ሙሐመድኑርና ሁለት ሽማግሌዎች ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጡ። ስመኝ ወረቀት እንድታነብ ተጠራች። በፍቃዱም መጣ፤ ነገሩ ከጊደር አልፎ ወደ ቁጥሩ እንዳይደርስ ሰግቶ ነው። የቀሩት ርቢ ጠባቂዎች፣ አልታየችን ጨምሮ፣ በሩንና መስኮቱን ሞልተው ቆሙ። ማንም አልጠራቸውም።

ደሳለው ተናገረ። ጊደሯ ከየትኛው ላም እንደተወለደች፣ እናቷን ከማን እንደገዛት፣ ለፈይዛ በምን ቀን እንደሰጣት ዘረዘረ። ምስክርም ጠራ። ሁሉም እውነት ነበር።

«ፈይዛ፣ ምን ትያለሽ?» አለ ሙሐመድኑር።

«እኔ ምንም አልልም። ወረቀቱ ይበል።»

ስመኝ የፈይዛን ገጽ አነበበች። ላም አንድ፣ ጊደር አንድ፣ ወይፈን አንድ። የእማወራዋ ንብረት። ማኅተም አለው። ቀጥላ የደሳለውን ገጽ አነሳች። በሬ ሁለት፣ ላም አንድ። ሌላ ከብት የለም። ፊርማ።

«ፊርማው ያንተ ነው?» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«የኔ ነው፤ ግን...»

«ግን ምን?» አለች ፈይዛ። «በሱ ወረቀት ስንዴ በልተህ የለ? ወይስ የበላው ሰንጋው ነው? በዚሁ ወረቀት እኔ ከስንዴዬ ወጣሁ። ሀብታም ነሽ ተባልኩ። ሀብታም ከሆንኩ ሀብቴን ስጡኛ! ድሃ ከሆንኩም ስንዴዬን ስጡኝ። ለስንዴው ጊዜ ላሚቱ የኔ፣ ለገበያው ጊዜ የደሳለው፤ ይሄ በየትኛው ኪታብ ነው ያለው?»

በፍቃዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፣ ይሄ በመሠረቱ የእርቅ ጉዳይ ነው እንጂ የመረጃ ጉዳይ አይደለም። አቶ ደሳለው ጊደሯን በበጎ ፈቃድ ቢለቁላቸው መረጃውም ሰውየውም ይታረቃሉ። ማንም አይጎዳም።»

ደሳለው አሰበ። አንዲት ጊደር ለእሱ ምንም አይደለችም። በአንዲት ጊደር ድህነቱን አስከብሮ፣ ከስንዴው ሳይወጣ፣ ከመዋጮ ተርፎ ሊሄድ ነው። አፉን ሊከፍት ሲል ከመስኮቱ በኩል የአልታየች ድምፅ ገባ።

«እንግዲያው የኔዋም ላም የኔ ናት። የኔም ወረቀት እንዲሁ ነው የሚለው።»

«የኔም ሁለት በሬ!» አለ ከበሩ የቆመው።

«ወይ ጉድ፣ ለካስ ባለከብት ነበርን!»

ሳቅ ሆነ። ደሳለው ወደ በሩ ዞሮ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። አሥራ ሦስት ሰው ነበር፤ ከፈይዛ ጋር አሥራ አራት።

«የኔ ናቸው!» ብሎ ጮኸ። «ሁሉም የኔ ናቸው!»

«ስንት?» አለ ሽማግሌው።

ደሳለውም ቆጠረ። አልታየች ቤት ያለችውን ዳለቻ ላምና ጥጃዋን፣ ፈይዛ ቤት ያለችውን ቡሬ፣ ከወንዝ ማዶ ያሉትን ሁለት ጥቋቁር በሬዎች፤ እያንዳንዱን በቀለሙ፣ በቀንዱ፣ በተወለደበት ወር፣ ካደረበት ቤት ጋር እያያዘ ጠራ። አንዴም አልተሳሳተም። አርባ አንድ ሲል አቆመ። ስመኝ ጻፈች። ስትጽፍ የታሰባት ነገር ቢኖር፣ በዚያ ቀበሌ ውስጥ ሀብትን በትክክል መዝግቦ የያዘ አንድ ሰው ቢኖር ደሳለው መሆኑ ነው። ያውም በጭንቅላቱ። ጥናቱ ለመኪናው ነዳጅ ካወጣው ባነሰ ወጪ ገና ከመጀመሪያው እሱ ሊጠየቅ ይችል ነበር።

ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው ወሰኑ። ከብቶቹ የደሳለው ናቸው፤ ደሳለው ከስንዴው ይወጣል፤ በቦታው ፈይዛ ትግባ። የቀሩት አሥራ ሦስቱስ? እነሱ ይጠብቁ ተባለ፤ አርባ ማለት አርባ ነው፤ ቦታ ሲገኝ ይታያል። በሩ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። አልታየች ነጠላዋን አጣፍታ ማንንም ሳትሰናበት ሄደች።

ደሳለው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰው ይዞ ፈይዛ ደጅ ወረደ። ላሟን፣ ጊደሯን፣ ወይፈኑን፣ በጎቹን አውጥቶ ነዳ። የሌሎቹን አልነካም፤ አርባ አንድ ከብት በአንድ ግቢ ማሳደርም ድርቆሽ መቀለብም እንደማይሞከር ያውቃል። የእሷን ብቻ ነዳ፤ ለሌላው ትምህርት እንዲሆን።

ስመኝ ቅጹን ልታስተካክል ስትመጣ ፈይዛ የመደቡን ሥር እየጠረገች አገኘቻት።

«ላም?»

«የለም።»

«ጊደር?»

«የለም።»

«ወይፈን?»

«የለም በይው ሁሉንም። ምን ታደክሚኛለሽ?» አለችና መጥረጊያዋን አቆመች። «ድሃ መሆኔን ለማስመስከር ይሄ ሁሉ ሸንጎ! ድሮስ ማን አጥቶት ነው።»

ስመኝ በዚያ ሳምንት ከብቶቹን በየባለቤታቸው አድርጋ ቁጥሩን ብቻዋን እንደገና አሰላች። ዜሮ ነጥብ አርባ ሰባት ወጣ። ደጋግማ አየችው፤ ያው ነው። ወረቀቱን በፍቃዱ ጠረጴዛ ላይ አኖረችለት።

በፍቃዱ አንብቦ አጣጠፈው፤ ከአሥራ አንዱ ኪሶች በአንዱ ከተተው። «ሪፖርቱ ሄዷል» አለ። «የአንድ ሰው ባሕርይ ሳይንስ አይሆንም። ደሳለው ከመስመር የወጣ ነው፤ ከመስመር የወጣ ቁጥር ደግሞ ይጣላል። አልተማራችሁም?»

«ተምረናል» አለች ስመኝ።

«ኮንትራትሽ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«የካቲት።»

«እንግዲህ በሰላም ጨርሺ።»

ስመኝ ብዙ የምትለው ነበራት፤ ግን ለዚያ ሰው ቃል ማውጣት እህል በጭንጫ ላይ መዝራት መስሎ ታያት። ወጥታ በሩን በቀስታ ዘጋች።

ሁለተኛው ዙር ስንዴ የታደለው በጥር መጨረሻ ነው። ፈይዛ ተራዋ ደርሶ አሥራ አምስት ኪሎዋን ተቀበለች። የከረጢቱን አፍ በልጥ አስራ ከመሬት ልታነሳው ስትል ስመኝ በአንድ ወገን ያዘችላት።

«እቱ፣ ያ እኩል ናችሁ ያሉበት ቁጥር ታረመ?»

«አልታረመም፣ እትዬ።»

«የት ሄደ?»

«ደሴ።»

«ከደሴስ?»

«አዲስ አበባ ደርሷል ይላሉ።»

ፈይዛ ከረጢቱን መልሳ መሬት አስቀመጠችው። ወገቧን ይዛ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ሳቀች።

«እንግዲያ አዲስ አበባ ላይ ላም አለችኝ በይኛ!» አለች። «እዚያው ይለቧት።»

ከረጢቱን በጀርባዋ አዝላ ቁልቁለቱን ያዘች።